የአምባሰልን ቅኝት በፒውር ዳታ መለካት፦ ከቀረጻ እስከ ማነጻጸር

ማሲንቆ ቀርጻችሁ በላዩ ኪቦርድ ስትጨምሩ አንዳንዱ ድምፅ አልገጥም ይላል። ክራሩን በስልክ መቃኛ ስትፈትሹት ደግሞ መርፌው ወዲያና ወዲህ እየሸሸ ጅማቱ ልክ እንዳልሆነ ይነግራችኋል። ክራሩን የቃኘው ሰው ግን ዕድሜውን በሙሉ ሲቃኝ የኖረ ነው። ታዲያ ማን ነው ልክ? በሐይቅ፣ በውጫሌና በደሴ ሙዚቃን በኮምፒውተር የሚሠሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚገጥማቸው ጥያቄ ይህ ነው። በተለይ ለአምባሰል ቅኝት ስሙን በሰጠው አገር ውስጥ ተቀምጦ ይህን ጥያቄ በግምት ማለፍ ያስቆጫል።

የስልኩ መቃኛ የተሠራው ኦክታቭን በ12 እኩል ክፍል ለሚከፍሉት ለጊታርና ለኪቦርድ ነው። መርፌው የሚለካው ከእነዚያ 12 ነጥቦች ያለውን ርቀት ብቻ ስለሆነ የአምባሰል ተጫዋች ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም። ያንን የምታውቁት ድምፁን ራሳችሁ ስትለኩት ነው። ለዚህ ሥራ ፒውር ዳታ የተባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም ቋንቋ መርጫለሁ። ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ ኮድ መጻፍ ያልለመደ ሰውም ሳጥኖችን በገመድ እያገናኘ ሊሠራበት ይችላል። እንደ ሱፐርኮላይደርና ሲሳውንድ ያሉት ሌሎች ቋንቋዎች ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ፤ ለጀማሪ ግን ፒውር ዳታ ይቀላል።

የሚያስፈልጋችሁ ላፕቶፕ፣ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፅ የሚቀርጽ ስልክ ወይም መቅረጫ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ከሁሉም በላይ ጊዜውን የሚሰጣችሁ ተጫዋች ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት መለኪያውን እወቁ። አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት ነው፤ በኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ፣ ጥቁሩን ጨምሮ፣ 100 ሴንት አለ። አምባሰል ኪቦርድ ላይ ሲጻፍ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ከመነሻው ስንቆጥር 0፣ 100፣ 500፣ 700፣ 800 ሴንት ማለት ነው። እነዚህ አምስት ቁጥሮች የኪቦርዱ ግምት ናቸው። የእናንተ ሥራ እውነተኛው ተጫዋች ከእነዚህ የት የት እንደሚለይ ማየት ነው።

1. ንጹሕ ቀረጻ ያዙ

ከሥራው ግማሹ እዚህ ያልቃል። ቀረጻው ከተበላሸ በኋላ የትኛውም የትንተና መሣሪያ አያድነውም።

መጀመሪያ ተጫዋቹን አስፈቅዱ። ለምን እንደምትቀርጹ፣ ቀረጻውን ማን እንደሚሰማው ንገሩት። ከዚያ ማሲንቆውን ወይም ክራሩን ብቻውን ቅረጹ። ዘፈን፣ ጭብጨባና ከበሮ ከተጨመሩበት የድምፅ ከፍታ የሚከታተለው ሳጥን ማንን እንደሚከተል ይጠፋዋል። በኪቦርድ የታጀበ የድሮ ካሴትም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ካሴቱ የድምፃዊቷ የማሪቱ ለገሰ ቢሆን እንኳ፣ የምትለኩት የእሷን ድምፅ ከኪቦርዱ ቅኝት ጋር ቀላቅላችሁ ነው። ብቻውን የተቀረጸ ማሲንቆ ያለበት ካሴት ካገኛችሁ ግን ተጠቀሙበት። የቴፑ ፍጥነት በአንድ መጠን ትንሽ ቢዛባም ሁሉም ድምፅ አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም።

ሐይቅ ዳር መቅረጽ ያምራል፤ ለልኬት ግን ነፋሱ ጠላት ነው። ነፋስ ማይክሮፎኑን ሲመታ ዝቅተኛውን የድምፅ ክልል በሙሉ ይሸፍነዋል። ወደ ቤት ግቡ። በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ሲመታው ሥራ የለም፤ የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ካገኛችሁ ከቆርቆሮው ይሻላል፣ ድምፁን መልሶ አያስተጋባም። ላፕቶፑንም ስልኩንም ከቻርጀር ንቀሉ። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ከሶኬት የሚመጣው ጉምጉምታ በ50፣ በ100፣ በ150 ሄርዝ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ በስፔክትረሙ፣ ማለትም በድምፁ ክፍሎች ግራፍ፣ ላይ ይወጣል። ጀማሪ የማሲንቆው ድምፅ ይመስለዋል።

ፋይሉ ዋቭ መሆን አለበት። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት የተላከ ቀረጻ አትጠቀሙ፤ ፋይሉን ለማሳነስ ሲባል የድምፁ ብዙ ዝርዝር ተጥሏል፣ ፒውር ዳታም በተለመደው አሠራሩ አይከፍተውም። ስልኩ ላይ "ጫጫታ ቀንስ" የሚል ማስተካከያ ካለ አጥፉት። ይህ ማስተካከያ የሰው ንግግር እንዲጠራ የተሠራ ነው፤ የደጋኑን ፍትጊያ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጠዋል።

ምን እንደሚጫወት ደግሞ እንዲህ ጠይቁት። በመጀመሪያ አንድ ሁለት ደቂቃ አምባሰልን እንደ ልማዱ ይጫወት። ቀጥሎ የቅኝቱን ድምፆች አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን ለጥቂት ሰከንድ እየያዘ ያሰማ። በመጨረሻ "ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ብቻ አሰሙኝ" በሉት። ይህን የመጨረሻውን ፈጽሞ አትርሱ፤ ምክንያቱን በ6ኛው ደረጃ ታዩታላችሁ።

2. ፒውር ዳታን አሰናዱ

ፕሮግራሙን ከጫናችሁ በኋላ አንድ አዲስ አቃፊ ክፈቱና ቀረጻውንም የምትሠሩትንም የፒውር ዳታ ገጽ እዚያው አስቀምጡ። የፋይሉን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በመካከሉ ክፍተት ሳታደርጉ ጻፉ። ፒውር ዳታ ክፍተት ሲያይ ስሙ ሁለት ቃል ይመስለውና ፋይሉን አጣሁት ይላል።

የሳጥኖቹን ስም እዚህ የምጽፈው በድምፁ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። አጻጻፉ ከጠፋችሁ በባዶው ገጽ ላይ የመዳፊቱን ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ የእርዳታ ምርጫውን ንኩ፤ የሳጥኖቹ ሁሉ ዝርዝር ይከፈታል። በአንድ ሳጥን ላይ እንዲሁ ብታደርጉ የዚያን ሳጥን ማብራሪያ ከነሚሠራ ምሳሌው ታገኛላችሁ። ድምፅ የሚያልፍባቸው ሳጥኖች በስማቸው መጨረሻ የሞገድ ምልክት አላቸው፤ እሱን ከረሳችሁ ሳጥኑ አይሠራም ወይም ሌላ ሳጥን ይሆናል።

ኮንትሮልና 1 አዲስ ሳጥን፣ ኮንትሮልና 2 የመልእክት ሳጥን፣ ኮንትሮልና 3 የቁጥር ሳጥን ያወጣል። ኮንትሮልና ኢ ከመሥሪያ ወደ ማጫወቻ ያሸጋግራል። ድምፁን ማብራት ደግሞ ኮንትሮልና እዝባር ነው። ብዙ ጀማሪ "ምንም አይሰማም" ብሎ ሲጨነቅ የሚገኘው ይህን የመጨረሻውን ረስቶ ነው።

አንድ ነገር አሁኑኑ ፈትሹ። በድምፅ ማስተካከያው ላይ ያለው የናሙና ፍጥነት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ከቀረጻችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት። ስልኩ በ48000 ቀርጾ ፒውር ዳታ በ44100 ቢያጫውተው ድምፁ ሁሉ 147 ሴንት ያህል፣ ማለትም አንድ ተኩል ቁልፍ፣ ዝቅ ይላል። ርቀቶቹ ባይዛቡም "ማሲንቆው በዚህ ድምፅ ላይ ነው የተቃኘው" ስትሉ ትሳሳታላችሁ።

3. መሣሪያውን በምታውቁት ድምፅ ፈትኑ

ወርቅ የሚመዝን ነጋዴ ሚዛኑን አስቀድሞ በታወቀ ድንጋይ እንደሚፈትን ሁሉ እናንተም ማሲንቆውን ከመለካታችሁ በፊት መሣሪያውን መልሱን በምታውቁት ድምፅ ፈትኑ።

ኦስክ የተባለውን ሳጥን አውጡና 220 ስጡት። ከእሱ ወደ ማባዣ ሳጥን አስገቡና በ0.1 አባዙት፤ ይህን ካላደረጋችሁ ድምፁ ጆሮ ይጎዳል። ከዚያ ወደ ዳክ፣ ማለትም ወደ ድምፅ ማጉያው፣ አገናኙ። በጎን ደግሞ ከማባዣው ወደ ሲግመንድ ሳጥን ገመድ ሳቡ። ሲግመንድ የድምፁን ከፍታ በኪቦርድ ቁልፍ ቁጥር ይነግራችኋል፤ 220 ሄርዝ 57 ነው። የቁጥር ሳጥኑ 57 ካሳየ መንገዳችሁ ልክ ነው። ካላሳየ የናሙና ፍጥነቱን፣ ገመዱንና ድምፁ መብራቱን ፈትሹ።

ቀጥላችሁ የኪቦርዱን አምባሰል ስጡት። ከ220 ሄርዝ ሲነሳ ድምፆቹ 220፣ 233.1፣ 293.7፣ 329.6፣ 349.2 ሄርዝ ናቸው፤ በቁልፍ ቁጥር 57፣ 58፣ 62፣ 64፣ 65። አምስቱም በትክክል ከወጡ ወደ እውነተኛው ድምፅ እለፉ።

4. ስፔክትረሙን ተመልከቱ

አሁን ድምፁን ወደ ክፍሎቹ እንበትናለን። ይህን ለብቻው ንዑስ ገጽ ውስጥ ሥሩት፤ ምክንያቱም ለትንተናው የምትሰጡት ረጅም የናሙና መስኮት ወደ ድምፅ ማጉያው በሚሄደው መንገድ ላይ ካረፈ ድምፁ ይበላሻል። ዳክ ያለበትን ገጽ አትንኩት።

በንዑስ ገጹ ውስጥ ብሎክ የተባለውን ሳጥን አኑሩና 4096 እና 4 ስጡት። የመጀመሪያው የመስኮቱ ርዝመት፣ ሁለተኛው መስኮቶቹ የሚደራረቡበት መጠን ነው። የሚገባውን ድምፅ ሃን በተባለው የመስኮት ቅርጽ አባዙት። ይህ ቅርጽ መስኮቱን ሁለቱም ጫፍ ላይ ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል፤ ያለ እሱ ድምፁ በድንገት የተቆረጠ ስለሚመስል ያልነበረ ድምፅ በግራፉ ላይ ይረጫል። ከዚያ ወደ አርኤፍኤፍቲ ሳጥን አስገቡ። ሁለት ውጤት ይሰጣችኋል፤ ሁለቱንም በየራሳቸው አባዙ፣ ደምሩ፣ የድምሩን ካሬ ሥር ውሰዱና 2048 ቦታ ባለው ሰንጠረዥ ላይ በየጊዜው እንዲጻፍ አድርጉ። በእርዳታ አሳሹ ውስጥ ከድምፅ ምሳሌዎቹ መካከል ስለ ፉሪየር ትንተና የሚያሳየው ገጽ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ ያቀርባል፤ ከእሱ ቀድታችሁ መነሳት ይቻላል።

ሰንጠረዡ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ 10.8 ሄርዝ ያህል ስፋት አለው፤ 44100 ለ4096 ሲካፈል ማለት ነው። አምባሰልን ለሚለካ ሰው ይህ ቁጥር ወሳኝ ነው። የአምባሰል ሁለተኛ ድምፅ ከመነሻው በጣም ቅርብ ነው። ከ220 ሄርዝ ሲነሳ ልዩነታቸው 13 ሄርዝ ብቻ ነው። በሃን መስኮት አንድ ድምፅ አራት ነጥብ ያህል ስለሚሰፋ በ4096 መስኮት ጉብታው 43 ሄርዝ ይይዛል። ሁለቱ ድምፆች አብረው ቢጮኹ አንድ ወፍራም ጉብታ ሆነው ይታያሉ።

ክራር ላይ የሚፈጠረውም ይኸው ነው። ጅማቱ ከተመታ በኋላ መጮኹን ስለማያቆም መነሻውና ሁለተኛው ይደራረባሉ። መፍትሔው ሁለት ነው። መስኮቱን ወደ 16384 ማሳደግ ይቻላል፤ ነጥቡ 2.7 ሄርዝ ስለሚሆን ጉብታዎቹ ይለያያሉ። ግን መስኮቱ በጊዜ 0.37 ሰከንድ ይረዝማልና በዚያ መካከል የተለወጠ ነገር ሁሉ ይደባለቃል። ለክራር ይህ ይታገሣል። ለማሲንቆ አይሆንም፤ ጣቱ ሁልጊዜ በጭራው ላይ እየተንሸራተተና እየተርገበገበ ስለሆነ ረጅም መስኮት ጌጡን አጥቦ ይወስደዋል። የተሻለው መፍትሔ በክራር ላይ ጅማቶቹን አንድ በአንድ፣ ሌሎቹን በእጅ አፍኖ ማስመታት ነው። ለዚህ ነው በቀረጻው ጊዜ ድምፆቹን በተናጠል ጠይቁ ያልኳችሁ።

እዚህ ቦታ ላይ በጣም የተለመደው ስሕተት በግራፉ ላይ የታየውን ጉብታ ሁሉ የቅኝቱ ድምፅ አድርጎ መቁጠር ነው። አንድ የማሲንቆ ድምፅ ብቻውን በርካታ ጉብታ ያወጣል። ዋናው 220 ከሆነ 440፣ 660፣ 880፣ 1100 ሄርዝ ላይም ይታያል። እነዚህ የድምፁ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ማሲንቆን ማሲንቆ የሚያሰኘውም የእነሱ ብዛትና ጉልበት ነው። ከዋናው ጋር ሲቆጠር አምስተኛውን፣ 1100ን፣ ሁለት ኦክታቭ ብታወርዱት 275 ሄርዝ ይሆናል፤ ከመነሻው 386 ሴንት ማለት ነው። አምባሰል ውስጥ እዚያ ቦታ ላይ ምንም ድምፅ የለም። ይህን ያላወቀ ሰው "አምባሰል ውስጥ ሚ አገኘሁ" ብሎ ቅኝቱን ትዝታ ወይም ባቲ ከተባሉት ሌሎች ቅኝቶች ጋር ያምታታል።

5. የድምፁን ከፍታ ተከታተሉ

ቅርንጫፎቹን ሰብስቦ ዋናውን ድምፅ የሚያወጣው ያ በ3ኛው ደረጃ የፈተናችሁት ሲግመንድ ነው። ሳጥኑን ስትጽፉ የመስኮቱን ርዝመት 2048፣ እርምጃውን 512 አድርጉ፤ ፒችንና ኤንቭን (ከፍታውንና ጉልበቱን) እንዲያወጣ እዘዙት። በዚህ መጠን በሰከንድ 86 ጊዜ ያህል መልስ ይሰጣል። ሲግመንድ በነጥቦች መካከል ስለሚያሰላ አንድ ድምፅ ብቻውን ሲሆን ከነጥቡ ስፋት እጅግ በላቀ ጥራት ይለካዋል። ቁጥሩ 58.23 ቢል ሃያ ሦስቱ ክፍልፋይ በቀጥታ 23 ሴንት ነው። የእኛ ሥራ በዚህ ክፍልፋይ ላይ ነው።

ቀረጻውን ሪድኤስኤፍ በተባለው ሳጥን አጫውቱ። ከእሱ በኋላ ሂፕ የተባለውን ማጣሪያ 80 ሰጥታችሁ አስገቡ፤ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን የነፋስና የመብራት ጉምጉምታ ያዳክመዋል። ከዚያ ወደ ሲግመንድ።

የሚገጥማችሁ ሦስት ችግር አለ። ሲግመንድ የሚከተለው ድምፅ ሲያጣ አሉታዊ 1500 ያወጣል፤ ሞዝስ በተባለው ሳጥን ከዜሮ በታች የሆነውን ሁሉ ጣሉት። ቀስ ብለው የሚጠፉ ድምፆችና የክፍሉ ጫጫታ ከገቡ ዝቅተኛውን የድምፅ ጉልበት ከፍ አድርጉ፤ ሳጥኑ ሲፈጠር 50 ላይ ነው፣ 60 ወይም 65 ሞክሩ። ሦስተኛው የኦክታቭ ስሕተት ነው። የማሲንቆ የድምፅ ሳጥን ትንሽ ስለሆነ ዋናው ድምፅ ከቅርንጫፎቹ ደክሞ ሊወጣ ይችላል፤ ሲግመንድም 57 ማለት ሲገባው 69 ሊል ይችላል። ሁሉንም ወደ አንድ ኦክታቭ ስለምናጥፈው ለዛሬው ሥራ ይህ አይጎዳም። የዜማውን አካሄድ መሳል ስትፈልጉ ግን ይጎዳል።

6. ማረፊያውን ወስኑ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ቢዘሉት ግን የቀረው ልኬት ትርጉም የለውም።

የአምባሰልን አምስት ድምፆች ውሰዱና ቆጠራውን ከመነሻው ትታችሁ ከፋ ጀምሩ። ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። በሴንት 0፣ 200፣ 300፣ 700፣ 800 ይሆናል። ይህ ትንሹ ትዝታ ነው። ድምፆቹ አንድ ናቸው፤ የሚለያያቸው ዜማው የሚያርፍበት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ አምስት ጉብታ ያሳያችኋል፤ የትኛው ቤት እንደሆነ አይነግራችሁም። ብዙ ጊዜ የተሰማው ድምፅ ማረፊያው ነው ብላችሁም አትገምቱ። ተጫዋች በሌላ ድምፅ ላይ ብዙ ተመላልሶ በመጨረሻ ብቻ ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ በቀረጻው መጨረሻ ያስያዛችሁትን የማረፊያ ድምፅ በሲግመንድ አሳልፉና ቁጥሩን ጻፉ። ድምፁ ሲጀምርና ሲያልቅ ስለሚዋዥቅ መካከሉን ውሰዱ። 56.40 ቢል ማረፊያችሁ 56.40 ነው። ወደ 56 ወይም ወደ 57 አታጠጋጉት።

7. ድምፆቹን ቁጠሩ

120 ቦታ ያለው ሰንጠረዥ ፍጠሩ። እያንዳንዱ ቦታ 10 ሴንት ይይዛል፤ 120ው አንድ ኦክታቭ ነው። አሁን ከሲግመንድ የሚመጣውን ቁጥር በዚህ ቅደም ተከተል አሳልፉት። ማረፊያውን ቀንሱ፤ 1 ደምሩ፤ ለ12 አካፍሉ፤ ራፕ በተባለው ሳጥን ክፍልፋዩን ብቻ አስቀሩ፤ በ120 አባዙ፤ ኢንት በተባለው ሙሉ ቁጥር አድርጉት። ያ ቁጥር የሰንጠረዡ አድራሻ ነው፤ እዚያ ያለውን ቁጥር አንብቡና 1 ጨምራችሁ መልሳችሁ ጻፉበት።

1 ለምን እንደደመርን ልንገራችሁ። ማረፊያው በትክክል ዜሮ ላይ ቢወድቅ ትንሽ ዝቅ ያለው ድምፅ በሰንጠረዡ መጨረሻ 119 ላይ፣ ትንሽ ከፍ ያለው መጀመሪያው ላይ ይገባና አንዱ ጉብታ ለሁለት ይከፈላል። አንድ ስንደምር ማረፊያው 10 ላይ ይቆማል። የኪቦርዱ አምባሰልም 10፣ 20፣ 60፣ 80 እና 90 ላይ ይሆናል።

ሰንጠረዡ በትክክል እንዲቆጥር የመልእክቱ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። በፒውር ዳታ ሳጥን የሚሠራው በግራው በር ሲገባበት ነው፤ በቀኙ የገባው ይጠብቃል። ስለዚህ አድራሻውን ትሪገር በተባለው ሳጥን ለሁለት ክፈሉት። የቀኙ ቀድሞ ወደ መጻፊያው ቀኝ በር ይሂድ፤ የግራው ወደ ማንበቢያው፣ ከዚያ ወደ መደመሪያው፣ በመጨረሻ ወደ መጻፊያው ግራ በር። ያለ ትሪገር ከሠራችሁት ቁጥሩ በቀደመው አድራሻ ላይ ይጻፋል፤ ግራፉም ልክ የሚመስል ሐሰት ይሆናል። አዲስ ቀረጻ ከመጀመራችሁ በፊት ሰንጠረዡን ወደ ዜሮ መመለስም አትርሱ።

8. ግራፉን አንብቡ

አንድ ደቂቃ ሙዚቃ 5000 ያህል ቁጥር ስለሚሰጥ የግራፉን ቁመት 500 ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። አምስት ጉብታ ታያላችሁ። ጫፋቸውን እያያችሁ ጻፉ። ሁለተኛው ጉብታ 23 ላይ ቢወድቅ ተጫዋቹ ያንን ድምፅ 130 ሴንት አካባቢ ነው የሚይዘው፤ ኪቦርዱ ደግሞ 100 ላይ። ያ 30 ሴንት ነው ሁለቱ አብረው ሲጮኹ የሚያንገሸግሸው።

የጉብታው ስፋትም ይናገራል። ጠባብና ረጅም ጉብታ ተጫዋቹ ሳያወላውል የሚይዘው ድምፅ ነው። ሰፊው የሚያስጌጥበት፣ የሚንሸራተትበት ነው። ሰፊውን ጉብታ የቅኝት ስሕተት ነው አትበሉ፤ በአንድ ቁጥር ሳይሆን "ከዚህ እስከዚህ" ብላችሁ ጻፉት። ሁሉም ጉብታዎች አብረው ከሰፉ ግን መሣሪያው በጨዋታው መካከል ቅኝቱን ለቆ ሊሆን ይችላል። ቀረጻውን በሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ ከፋፍላችሁ ለየብቻ ቁጠሩ፤ ጉብታው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ከተሻገረ ምክንያቱ ይህ ነው።

ከአንድ ተጫዋች አንድ ቀረጻ "የአምባሰል ቅኝት ይህ ነው" አያሰኝም። ሌላ ቀን፣ ሌላ ዜማ፣ ሌላ ተጫዋች ጨምሩ። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ኮምፒውተር አራቱን ቅኝቶች እንዲለይ ለማስተማር 600 ቀረጻዎችን ተጠቅሟል። እናንተ ቅኝቱን ማወቅ እንጂ ማሽን ማሠልጠን ስላልፈለጋችሁ ያን ያህል አያስፈልጋችሁም። ወደዚያ መሄድ የሚፈልግ ግን ቲምበርአይዲ የተባለውን ተጨማሪ የሳጥን ስብስብ በፒውር ዳታ ላይ ሊጭንና የድምፁን ቀለም የሚገልጹ ልኬቶችን ሊያወጣ ይችላል።

9. መልሳችሁ አሰሙ

ልኬታችሁ ልክ መሆኑን የሚፈርድላችሁ የተጫዋቹ ጆሮ ነው። ሁለት ተከታታይ ድምፅ አዘጋጁ፤ አንዱ የኪቦርዱ አምባሰል፣ ሌላው እናንተ የለካችሁት። ሁለቱም ከዚያው ከማረፊያው ቁጥር ይነሱ። ኤምቶኤፍ የተባለው ሳጥን ክፍልፋይ ያለውን ቁጥር ወደ ሄርዝ ይለውጥላችኋል። ድምፁን በኦስክ ብቻ አታውጡ፤ ቅርንጫፍ የሌለው ባዶ ድምፅ ስለሆነ ጆሮ ልዩነቱን ለመያዝ ይቸገራል። ፌዘር በተባለው ሳጥን ጀምራችሁ በሎፕ ማጣሪያ አለስልሱት።

የትኛው የቱ እንደሆነ ሳትናገሩ ለተጫዋቹ አሰሙትና "የእርስዎ የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የእናንተን ከመረጠ ልኬቱ ይዟል። ኪቦርዱን ከመረጠ ወይም ሁለቱንም ከጣለ ወደ 6ኛው ደረጃ ተመለሱና ማረፊያውን እንደገና ለኩ፤ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ እዚያ ነው።

ከተስማማችሁ በኋላ ቁጥሮቹን ሥራ ላይ አውሉ። በርካታ ኪቦርዶች የእያንዳንዱን ቁልፍ ከፍታ በሴንት የሚያስተካክሉበት ክፍል አላቸው። ሁለተኛው ድምፅ 130 ከሆነ ያንን ቁልፍ በ30 ከፍ አድርጉት። ማሲንቆውን ወደ ኪቦርዱ የሚጎትት ማስተካከያ አትጠቀሙ። የኪቦርዱን ቁልፍ በቀላሉ ማስተካከል እየተቻለ ተጫዋቹ ጣቱን እንዲለውጥ መጠየቅ አግባብ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻ ከፋይሉ ጎን አንድ የጽሑፍ ገጽ አኑሩ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ መሣሪያውን፣ የናሙና ፍጥነቱን፣ የማረፊያውን ቁጥርና የአምስቱን ጉብታ ልኬት ጻፉበት፤ የተጫዋቹን ስም ከፈቀደ ብቻ ጨምሩ። ያልተነካውን የመጀመሪያ ቀረጻ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንድ ቅጂ ለተጫዋቹ ስጡት። በአካባቢያችሁ፣ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው መንገድ ዳርና ከእሱ ወጣ ባሉት የአምባሰል ቀበሌዎች፣ ማሲንቆ የሚመቱ አረጋውያን ካሉ ሌላ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት እነሱን ቅረጹ።